የሞባይል ዳታ ለምን ቶሎ ያልቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ስልክ ጥገና ነው። ታክሲ ተራ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ውዬ አመሻለሁ። የተሰበረ ስክሪን ይዞ ከሚመጣው ደንበኛ ያላነሰ፣ ስልኩ ምንም ሳይሆን «እስቲ ዳታዬን ምን እንደሚበላው እይልኝ» የሚለኝ አለ። ጥያቄው በየቀኑ ያው ስለሆነ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የሴቲንጎቹን ስም ስልኩ ላይ በእንግሊዝኛ እንደሚነበበው ጽፌዋለሁ። እንደ ስልኩ ዓይነት ቃሉ ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ ቦታው ግን ብዙም አይርቅም።

ትናንት የገዛሁት ጥቅል ሳልጠቀምበት አለቀ። ማን በላው?

አብዛኛውን ጊዜ የራሳችሁ ስልክ ነው። ሰው ዳታ የሚቆጥረው ስክሪኑን እያየ በነበረበት ሰዓት ነው፤ ስልኩ ግን ኪስ ውስጥም ሆኖ ይሠራል።

ስለዚህ ማንንም ከመክሰሳችሁ በፊት ዝርዝሩን ተመልከቱ። አንድሮይድ ላይ «ሴቲንግስ» ገብታችሁ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ከዚያ ሲሙን፣ ከዚያ «አፕ ዳታ ዩሴጅ» ትነካላችሁ። ሳምሰንግ ከሆነ «ኮኔክሽንስ» ከዚያ «ዳታ ዩሴጅ» ነው። ብዙ የበላው አፕ ከላይ፣ ጥቂት የበላው ከታች ሆኖ ይደረደራል። አንዱን ስትነኩት ሁለት ቁጥር ያሳያችኋል። «ፎርግራውንድ» የሚለው አፑን ከፍታችሁ እያያችሁ የሄደው ነው፤ «ባክግራውንድ» የሚለው ደግሞ ሳትከፍቱት በራሱ የወሰደው። የነገሩ ቁልፍ ያለው ሁለተኛው ቁጥር ላይ ነው።

ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት መጡ። «የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ከልጆቼ ጋር ከማወራበት በቀር ምንም አላውቅም፤ ሰዎቹ ዘረፉኝ» አሉ። ዝርዝሩን ከፈትኩት። አናት ላይ የተቀመጠው ጉግል ፎቶስ ነው፤ ሁለት ጊጋ ከምናምን ወስዷል፤ ፎርግራውንዱ ዜሮ ሊባል ምንም አይቀረው። የልጅ ልጃቸው በሠርግ ዕለት በስልካቸው ረጃጅም ቪዲዮ ቀርጾበት ኖሮ፣ ስልኩ ደግሞ እሱን ሁሉ በሞባይል ዳታ ወደ ጉግል እየጫነ ነበር። «እሱ ደግሞ ማነው? እኔ ከፍቼውም አላውቅ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አልከፈቱትም።

የፎቶ መጫኑን ለማስቆም ጉግል ፎቶስን ክፈቱና ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን ምስላችሁን ነክታችሁ ወደ ሴቲንጉ ግቡ፤ «ባካፕ» የሚለው ውስጥ የሞባይል ዳታ አጠቃቀም የሚል መስመር አለ፤ እሱን «ኖ ዳታ» አድርጉት። ፎቶዎቻችሁ ዋይፋይ ሲገኝ ይጫናሉ፤ የሚጠፋ ነገር የለም።

ከፎቶ ቀጥሎ የማገኘው ተጠርጣሪ ፕሌይ ስቶር ነው። አፖችን በራሱ ያድሳል፤ አንድ እድሳት ብቻ መቶ ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። ፕሌይ ስቶር ውስጥ ምስላችሁን፣ ከዚያ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኔትወርክ ፕሪፈረንስስ» ንኩና «ኦቶ አፕዴት አፕስ» የሚለውን በዋይፋይ ብቻ አድርጉት። አንዳንድ ስልኮች ላይ ደግሞ ከፋብሪካው ተጭኖ የሚመጣ ሁለተኛ የአፕ መደብር አለ፤ የተቆለፈ ስክሪን ላይ በየቀኑ ፎቶና ዜና የሚቀያይርም አለ። ሁለቱንም ስትፈልጓቸው አታገኟቸውም፤ የዳታው ዝርዝር ውስጥ ግን ስማቸው አለ። ባክግራውንድ ዳታቸውን ዝጉት፤ ስልኩ ምንም አይጎድልበትም።

ዋትሳፕም ጭውውታችሁን በየሌሊቱ ወይም በየሳምንቱ ያስቀምጣል። «ቻት ባካፕ» ውስጥ በሞባይል ዳታ እንዲያስቀምጥ የሚፈቅደውን አጥፉ። የቤተሰብ ግሩፕ ላይ የተላከው ቪዲዮ ሁሉ ባካፑ ውስጥ እየገባ ከሆነ ብዙ ነው።

1 ጊጋ ባይት ምን ያህል ያስኬዳል?

ጽሑፍ ብቻ ከሆነ አያልቅም ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ አንድ ፊልም አያስጨርስ ይሆናል። ልዩነቱ እንደዚህ ሰፊ ስለሆነ ነው ሰው ግራ የሚጋባው።

1 ጊጋ ማለት 1024 ሜጋ ነው። የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ለአንድ ደቂቃ ግማሽ ሜጋ አይሞላም። ዘፈን ወይም መዝሙር በመካከለኛ ጥራት፣ ማለትም በሴኮንድ 128 ኪሎቢት፣ ስታዳምጡ በደቂቃ አንድ ሜጋ ገደማ ይሄዳል፤ ስለዚህ በ1 ጊጋ ወደ 17 ሰዓት ትሰማላችሁ። ዩቲዩብ ላይ በ144 ጥራት ስታዩ በሰዓት 100 ሜጋ አካባቢ ነው። 360 ላይ ወደ 300 ይጠጋል፣ 480 ላይ ወደ 500። 720 ላይ አንድ ሰዓት ሳትሞሉ 1 ጊጋችሁ ሊሄድ ይችላል፤ 1080 ላይ ደግሞ ግማሽ ሰዓት እንኳ ላያቆያችሁ ይችላል። እንቅስቃሴ የበዛበት እንደ ኳስ ያለ ቪዲዮ ከዚህም ይብሳል፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ደግሞ ያንሳል።

ፎቶ ላይ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ ቴሌግራምም ሆነ ዋትሳፕ ያሳንሱታል፤ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ይሆናል። «በፋይል ላክልኝ» ሲባል ግን እንዳለ ነው የሚሄደው፤ አንዱ ፎቶ ብቻ ሦስት አራት ሜጋ። የሠርግ አልበም በፋይል የላከላችሁ ወዳጅ ከነፍቅሩ ጥቅላችሁን ጨርሶታል ማለት ነው።

ስልኬ የሚያሳየው እና የኔትወርኩ ቀሪ ሂሳብ ለምን አይገጥሙም?

ሦስት ምክንያት አለ። አንደኛው ቀኑ ነው። ስልኩ የሚቆጥረው ካልተቀየረ በቀር ራሱ ከያዘው የፈረንጆቹ ወር ቀን፣ ለምሳሌ ከ1ኛው ጀምሮ ነው፤ እናንተ ደግሞ ጥቅሉን የገዛችሁት ለምሳሌ በ12 ይሆናል። «ሞባይል ዳታ ዩሴጅ ሳይክል» የሚለውን ከፍታችሁ ጥቅል የገዛችሁበትን ቀን ስጡት። ይህን ስታደርጉ ስልኩ የሚፈልገው የፈረንጆቹን ቀን መሆኑን አትርሱ፤ በእኛ አቆጣጠር አስገብቶ «ስልኩ ይሳሳታል» ያለኝ ሰው አለ። በዚያ ላይ ወርሃዊ የሚባለው ጥቅል 30 ቀን ነው፤ የፈረንጆቹ ወር ደግሞ 31ም 28ም ስለሚሆን ቆጣሪው በየወሩ ትንሽ ይንሸራተታል።

ሁለተኛው የቆጠራው ቦታ ነው። ስልኩ እሱ ጋ የደረሰውን ይቆጥራል፤ ኔትወርኩ የላከውን ይቆጥራል። መንገድ ላይ ጠፍቶ በድጋሚ የተላከ ነገር ካለ ልዩነት ይመጣል። ሦስተኛው፣ አንዱ ጊጋን 1000 ሜጋ፣ ሌላው 1024 አድርጎ ሊይዘው ይችላል።

ጥቂት በመቶ ልዩነት የተለመደ ነው። ስልኩ 400 ሜጋ ሲል ኔትወርኩ 2 ጊጋ ካለ ግን የሁለቱንም ስክሪን ፎቶ አንሱና ደንበኛ አገልግሎት ደውሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው። ቀሪ ሂሳባችሁን ለማየት *804# ትደውላላችሁ፤ ጥቅል ለመግዛት *999#። ሳፋሪኮምም ቴሌብርም አፕ ስላላቸው እዚያ ማየት ይቀላል፤ ቁጥሩ ከነቀኑ ፊት ለፊት ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ቴሌግራም ላይ ምንም ሳላወርድ ለምን ይሄን ያህል ይበላል?

እናንተ አላወረዳችሁም፤ እሱ ግን አውርዷል። እኛ አገር ዜናውም ሥራ ማስታወቂያውም ስብከቱም በቴሌግራም ቻናል ነው፤ አርባና ሃምሳ ቻናል የሌለበት ስልክ እጄ ላይ ብዙም አይገባም። በዚያ ሁሉ ቻናል ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ስትሉ ፎቶው ይወርዳል፣ አጭር ቪዲዮው በራሱ መጫወት ይጀምራል።

እንዲህ አድርጉ። ቴሌግራም ውስጥ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»። መሃል ላይ «ኦቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ» የሚል አለ፤ ሥሩ ሦስት መስመር ነው፦ በሞባይል ዳታ፣ በዋይፋይ፣ በሮሚንግ። የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ይቻላል። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ እንድታጠፉ አልመክርም፤ ፎቶው ሁሉ ደብዝዞ ሲታይ ሰው ይሰለቸውና በሦስተኛው ቀን መልሶ ይከፍተዋል። ማጥፊያው ላይ ሳይሆን ጽሑፉ ላይ ንኩት፤ ውስጡ ይከፈታል። ፎቶን ለግል ጭውውት ብቻ ተዉት፣ ለግሩፕና ለቻናል አጥፉት። ቪዲዮና ፋይል ለሁሉም ይጥፋ። እዚያው አጠገብ ረዘም ያለ ቪዲዮ ሳይከፈት የመጀመሪያዎቹን ሴኮንዶች ቀድሞ የሚያወርድ «ፕሪሎድ» የሚባል ነገር አለ፤ እሱም ይጥፋ። ቪዲዮና ጂፍ በራሱ እንዲጫወት የሚያደርገውን «ኦቶፕሌይ» ደግሞ ሳትረሱ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው። ቴሌግራም ያወረደውን ስልኩ ላይ ያስቀምጣል፤ ያንኑ ቪዲዮ ነገ ብታዩት ዳታ አይወስድም። ስልካችሁ «ስቶሬጅ ፉል» ሲላችሁ «ክሊር ካሽ» ካደረጋችሁት ግን ሁሉም ይጠፋል፤ በድጋሚ ስታዩት በድጋሚ ትከፍላላችሁ። ማለትም ቦታ ለማትረፍ ዳታ ታወጣላችሁ። በየሁለት ቀኑ ካሽ የሚያጸዳ ደንበኛ አለኝ፤ ስልኩ ባለ 32 ጊጋ ስለሆነ አልፈርድበትም። የሚሻለው የሚወዱትን መዝሙርና ፋይል ወደ ስልኩ ዳውንሎድ ማህደር አስቀምጦ ከዚያ ካሹን ማጽዳት ነው።

ቲክቶክና ፌስቡክስ?

ቲክቶክ የተሠራው እንዳያስጠብቅ ነው። የምታዩት ቪዲዮ ሳያልቅ ቀጣዮቹን ከኋላ ያመጣል፤ በአውራ ጣታችሁ አንድ ሴኮንድ አይታችሁ ያለፋችሁትም ተቆጥሯል። «ሴቲንግስ ኤንድ ፕራይቬሲ» ውስጥ «ዳታ ሴቨር» የሚባል አለ፤ አብሩት፤ ጥራቱን ይቀንሳል። እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ብቻውን አያድንም። ማታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቲክቶክ ላይ የሚያመሽ ሰው ያለው አማራጭ ዋይፋይ ወይም ከፍ ያለ ጥቅል ነው፤ ሌላ ምትሃት የለኝም።

ፌስቡክ ይሻላል። ሴቲንጉ ውስጥ «ሚዲያ» የሚለውን ፈልጉና «ኦቶፕሌይ» «ኔቨር» ይሁን። ቪዲዮ የሚጫወተው ስትነኩት ብቻ ይሆናል።

ዩቲዩብ ላይ መዝሙርና ስብከት ነው የማዳምጠው፤ ስክሪኑን አላየውም። ግን ዳታ ይበላል።

ዩቲዩብ እናንተ አያችሁት አላያችሁት አያውቅም፤ ሥዕሉን ከነድምፁ ይልካል። ቅዳሴ በቀጥታ ስትከታተሉ ስልኩን ገልብጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡትም ምስሉ መምጣቱን አያቆምም። ስለዚህ ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ ጥራቱን 144 አድርጉት፤ ድምፁ ለጆሮ ይበቃል፣ ከ720 ጋር ስታነጻጽሩት ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። በየጊዜው መቀየር እንዳይሰለቻችሁ በዩቲዩብ ሴቲንግ «ቪዲዮ ኳሊቲ ፕሪፈረንስስ» ውስጥ በሞባይል ኔትወርክ የሚለውን «ዳታ ሴቨር» አድርጉት።

የቀጥታ ካልሆነና ደጋግማችሁ የምትሰሙት ከሆነ ደግሞ ብዙ መዘምራንና ሰንበት ትምህርት ቤቶች ድምፁን ብቻ በቴሌግራም ያወጣሉ። አንድ ጊዜ አውርዳችሁ መቶ ጊዜ ትሰሙታላችሁ። እኔ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው እንደዚያ የወረደ ነው።

ጥቅሉ ሲያልቅ የካርድ ሂሳቤም አብሮ ሄደ። እንዴት ላስቆመው?

በጣም የሚያናድደው ይሄ ነው። ዋናው ሂሳብ ላይ ብር እያለ ጥቅሉ ሲያልቅና ዳታው ሳይጠፋ ሲቀር ኢንተርኔቱ ከጥቅል ውጪ ባለው ታሪፍ መቁጠሩን ሊቀጥል ይችላል፤ ያ ታሪፍ ደግሞ ከጥቅል ይወደዳል። እኔም ተበልቻለሁ። አንድ እሑድ ለእናቴ ልደውል የሞላሁት መቶ ብር ጠዋት ስነሳ አራት ብር ሆኖ ጠበቀኝ፤ ሌሊቱን ሲታደስ ያደረው የኔው አፕ ነበር።

መፍትሔው ስልኩ ላይ አለ። ከላይ ባልኩት የዳታ ዝርዝር ገጽ ላይ የማርሽ ምልክት ወይም «ዳታ ዋርኒንግ ኤንድ ሊሚት» ታገኛላችሁ። «ዋርኒንግ» ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። «ሊሚት» ግን ዳታውን ራሱ ያጠፋዋል። ጥቅላችሁ 3 ጊጋ ከሆነ ሊሚቱን 2.8 አድርጉት፤ ስልኩና ኔትወርኩ እኩል ስለማይቆጥሩ ትንሽ ማስተረፊያ ያስፈልጋል። አዲስ ጥቅል በገዛችሁ ቁጥር ሳይክሉን አስተካክሉ። የአንድ ቀን ጥቅል ለሚገዛ ሰው ይህ መንገድ አይመችም፤ እሱ የሚሻለው ካርዱን ሂሳብ ላይ ከማከማቸት ብሩን ቴሌብር ወይም ኤምፔሳ ላይ አስቀምጦ በፈለገው ሰዓት ከዚያ ጥቅል መግዛት ነው። ዋናው ሂሳብ ባዶ ከሆነ የሚበላ ነገር አይኖርም።

ሁለት ሲም አለኝ፤ ጥቅል የገዛሁት በአንዱ ነው። ሌላው ለምን ተቆረጠበት?

ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ09ም በ07ም የሚጠቀም ሰው በዝቷል፤ ይህ ጥያቄም ያኔ ነው የመጣው። መጀመሪያ ዳታው የትኛው ሲም ላይ እንደተመረጠ እዩ። እሱ ልክ ከሆነ ጥፋተኛው «ኦቶ ዳታ ስዊቺንግ» ነው። ይህ ሲበራ የመረጣችሁት ሲም ኔትወርክ ሲዳከምበት ስልኩ ሳይጠይቃችሁ ወደ ሌላው ይሻገራል። ሊፍት ውስጥ ወይም ምድር ቤት ስትገቡ ተሻግሮ፣ ጥቅል ከሌለው ሲም ላይ ብር ይበላል። የሲም ሴቲንጉ ውስጥ ነው፤ አጥፉት። አይፎን ላይ «አላው ሴሉላር ዳታ ስዊቺንግ» ይባላል።

አይፎን ከአንድሮይድ ይበልጥ ይበላል የሚባለው እውነት ነው?

ያው ቪዲዮ ያው ነው። አይፎን ላይ የሚያስቸግሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ «ዋይፋይ አሲስት» ነው፤ የ«ሴሉላር» ገጽ መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። ዋይፋዩ ሲደክም በሞባይል ዳታ ያግዘዋል። የካፌ ዋይፋይ ላይ ነኝ ብላችሁ ቪዲዮ ስታዩ የሚሄደው የራሳችሁ ጥቅል ሊሆን ይችላል፤ አጥፉት። ሁለተኛው ቆጣሪው ነው፤ «ከረንት ፒሪየድ» ይላል እንጂ በወሩ በራሱ ወደ ዜሮ አይመለስም። ስልኩን ከገዛችሁ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ደምሮ ሲያሳያችሁ አትደንግጡ። ጥቅል በገዛችሁ ቀን «ሪሴት ስታቲስቲክስ» የሚለውን ንኩት። ከዚያ ሌላ «ሎው ዳታ ሞድ» የሚባለውን ማብራት ብቻ ነው፤ የፎቶ መጫኑንና በራሱ የሚታደሰውን በአንዴ ይገታል።

4ጂ ከ3ጂ የበለጠ ዳታ ይበላል?

አንድ ባለ 10 ሜጋ ፋይል በ3ጂም በ4ጂም 10 ሜጋ ነው። መንገዱ ሰፋ እንጂ ጭነቱ አልጨመረም። ግን ዩቲዩብና ፌስቡክ ጥራቱን በኔትወርኩ ፍጥነት ልክ ስለሚመርጡ፣ በ3ጂ በ240 የነበረው በ4ጂ ወደ 720 ይዘላል። ለዚህ ነው ሰው «4ጂ ከገባልኝ ጀምሮ ጥቅል አይበረክትልኝም» የሚለው። ስልኩን ወደ 3ጂ ማውረድ ግን ስህተት ነው፤ ጥራቱን አፑ ውስጥ ቆልፉት።

ላፕቶፔን በሆትስፖት ሳገናኘው በአሥር ደቂቃ ጥቅሌ ያልቃል።

ላፕቶፑ የተገናኘው የማያልቅ ዋይፋይ ላይ ይመስለዋል። ሳምንት ሙሉ የጠበቀውን የዊንዶውስ እድሳት፣ የዋንድራይቭ ፋይል፣ የፀረ ቫይረሱን ማሻሻያ በአንድ ጊዜ ይጀምራል። ዊንዶውስ 10ም 11ም ላይ የሆትስፖታችሁን ስም ከዋይፋይ ዝርዝር ነክታችሁ ንብረቶቹ ውስጥ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩት። አንዴ ካበራችሁት ያንን ስም ባየ ቁጥር ይቆጠባል። የመመረቂያ ጽሑፍ ለመምህር በኢሜይል ለመላክ ብቻ ሆትስፖት ከፍቶ 1 ጊጋ ሙሉ ያጣ ተማሪ አጋጥሞኛል፤ ፋይሉ 2 ሜጋ ነበር።

የሆትስፖቱን የይለፍ ቃልም አጠናክሩ። 12345678 የጎረቤት ልጆች መጀመሪያ የሚሞክሩት ነው።

ቪፒኤን ዳታ ይጨምራል?

አዎ። ቪፒኤን ኢንተርኔታችሁን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አፕ ነው፤ እያንዳንዱን ነገር በሌላ መሸፈኛ ሸፍኖ ስለሚልክ በመቶኛ ትንሽ ይጨምራል። የባሰው ግን ሌላ ነው። ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ብቻ የሚያስጠቅም ርካሽ ጥቅል ገዝታችሁ ቪፒኤን ከበራ፣ ኔትወርኩ የምትጠቀሙት የትኛውን አፕ እንደሆነ አያይም፤ ስለዚህ ከዚያ ጥቅል ሳይሆን ከሌላው ወይም ከሂሳባችሁ ይቆርጣል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ ተገድቦ በነበረበት ጊዜ የጫናችሁት ነፃ ቪፒኤን ዛሬም በራሱ እየተነሳ ሊሆን ይችላል። ከላይ የቁልፍ ምልክት ካያችሁ እሱ ነው።

ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር ስደውል በምን ልደውል?

በድምፅ ብቻ ከሆነ የትኛውም አፕ ርካሽ ነው፤ ዋትሳፕ በደቂቃ አንድ ሜጋ እንኳ አይሞላም። ቪዲዮ ሲሆን በብዙ እጥፍ ይዘላል። ዋትሳፕም ቴሌግራምም ሴቲንጋቸው ውስጥ «ዩዝ ለስ ዳታ ፎር ኮልስ» የሚል አላቸው፤ ከሁለቱም ወገን ቢበራ ጥሩ ነው። የቤት ሠራተኛ ሆና ዱባይ ያለች እህት ካለቻችሁ ግን ዋትሳፕ ጥሪ ከዚያ አይሠራም፤ ኤምሬትስ ውስጥ ታግዷል። እዚያ ያሉት ቦቲም የሚባል አፕ ይጠቀማሉ፤ እናንተም እሱን ጫኑ። ልጆቹን ለማሳየት ቪዲዮውን ለሁለት ደቂቃ ከፍቶ ሰላም ከተባባሉ በኋላ ካሜራውን ዘግቶ በድምፅ መቀጠል ብዙ ቤተሰብ የለመደው ዘዴ ነው።

ዳታ ቆጣቢ የሚባል አፕ ልጫን?

አትጫኑ። አብዛኛው ማስታወቂያ የሚያሳይ ነው፤ ማስታወቂያውም ዳታ ይበላል። አንድሮይድ የራሱ «ዳታ ሴቨር» አለው፤ ይበቃል። ሲበራ ከኋላ የሚሠራውን ሁሉ ይዘጋል፤ ስለዚህ ቴሌግራም፣ ዋትሳፕና የባንክ አፓችሁን «አንሬስትሪክትድ ዳታ» ውስጥ አስገቧቸው፤ አለዚያ መልእክቱ አፑን ስትከፍቱ ብቻ ይመጣል። ጉግል ፕሌይ ሰርቪስስ የሚለውን ግን ብዙ ቢበላም አትዝጉት፤ ብዙ ነገር የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ድረ ገጽ ለማንበብ ከሆነ ኦፔራ ሚኒ እስካሁን የሚያህለው የለም፤ ገጹን በራሱ ሰርቨር ላይ አሳንሶ ነው የሚያመጣው። ክሮም ላይ የነበረው ተመሳሳይ ነገር በፈረንጆቹ 2022 ተቋርጧል፤ አትፈልጉት።

ለእናቴ ስልክ ገዝቼ ልልክ ነው፤ ገጠር ናት። ምን ላስተካክልላት?

ከመላክህ በፊት እቤትህ ዋይፋይ ላይ ሁሉንም አፕ አድስ፤ ፕሌይ ስቶሩን በዋይፋይ ብቻ አድርግ፤ የፎቶ ባካፑን ዝጋ፤ ቴሌግራሙን ከላይ እንዳልኩት አስተካክል። ማያዋ ላይ ከአራት አምስት አፕ በላይ አታስቀምጥ። ዳታ ማብሪያ ማጥፊያውን ከላይ ስክሪኑን ወደ ታች ስትስብ መጀመሪያ የሚገኝ ቦታ አድርግላት፤ እዚያው ቁጭ ብለህ ሦስት አራት ጊዜ አብርታ ታጥፋው፤ በቃል ብቻ ከነገርካት ትረሳዋለች። ሊሚቱንም አስገባላት። ጥቅሉን ደግሞ አንተው በየወሩ ከዚህ በ*999# ወይም በቴሌብር በስጦታ ላክላት፤ ብሩን ለካርድ ብለህ ብትልክላት ለሌላ ነገር ታውለዋለች እንጂ ለዳታ አታወጣውም።